ለፎቶ ያልተመቸችው ልጅ

ሮዛ ፓርክስን የማያውቃት አለ? ትምህርት ቤት ያላነበብናት በሬዲዮ ሰምተናታል፤ በሬዲዮ ያልሰማናት ደግሞ መቼም አንድ ቀን የሆነ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ አይተናታል። መነጽር ያደረገች፣ ፀጉሯን በሥርዓት የሰበሰበች፣ አውቶብስ ውስጥ ቁጭ ብላ በመስኮት ወደ ውጭ የምታይ ጨዋ ሴት። ለነጭ ተነሺ ሲሏት አልነሳም አለች፤ ታሰረች፤ የሞንጎመሪ ከተማ ጥቁሮች አውቶብስ አንሳፈርም ብለው አደሙ፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ የሚባል ወጣት ሰባኪ ብቅ አለ፤ አሜሪካ ተለወጠች። እንዲህ አጥሮና ተስተካክሎ ሲነገር እንዴት ደስ ይላል!

እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ግን ከሮዛ ዘጠኝ ወር ቀድማ፣ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዓይነት አውቶብስ ውስጥ፣ በዚያው ሕግ ፊት «አልነሳም» ስላለች የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ነው። ስሟ ክላውዴት ኮልቪን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።) ስሟን መጀመሪያ የነገረችኝ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ናት። ስለ እሷ ኋላ እመለስበታለሁ።

ክላውዴት በ1939 ተወለደች። ያሳደጓት የገዛ ወላጆቿ ሳይሆኑ በዕድሜ የገፉ ዘመዶቿ፣ ባልና ሚስት ናቸው፤ እሷ ግን እናትና አባት አድርጋ ነው የያዘቻቸው። መጀመሪያ አላባማ ውስጥ ፓይን ሌቭል በምትባል የገጠር መንደር፣ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ደግሞ ሞንጎመሪ ከተማ፣ ኪንግ ሂል በሚባል የድሆች ሰፈር ነው ያደገችው።

አራት ዓመት አካባቢ እያለች የሆነውን አድጋ አርጅታም አልረሳችውም። ከእናቷ ጋር ሱቅ ሄዳ ተራ ይዛ ቆማለች። አንድ ነጭ ልጅ፣ እሷን የሚያክል፣ ይመጣና እጅሽን አሳዪኝ ይላታል። ልጆች አይደሉ? መዳፍ ለመዳፍ ይገጥማሉ። ተለቅ ተለቅ ያሉት ነጭ ልጆች ይስቃሉ። ይኼኔ እናቷ መጥታ ፊቷን በጥፊ ታጮላታለች። የነጩ ልጅ እናት ቆማ ታያለች፤ ጥፊውንም ደግ አደረግሽ ትላለች።

እስቲ አስቡት። እናትየው ልጇን ጠልታ አልመታቻትም። ነጭ መንካት ሞት ሊያስከትል በሚችልበት አገር ላይ ልጇን በሕይወት ማቆየት ስለነበረባት ነው። ሕግ የሚባለው ነገር ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት ውስጥ ብቻ የሚኖር ይመስለናል። አላባማ ላይ ግን ሕጉ በእናት እጅ ነበር የሚገባው። ቤት ድረስ፣ ጉንጭ ድረስ።

ደግሞ የጫማው ነገር አለ። ጥቁር ልጅ ከተማ ወርዶ ጫማ ሲገዛ ለክቶ አይሞክርም። ጥቁር እግር የገባበትን ጫማ ነጭ አይገዛውማ! ስለዚህ ቤት ውስጥ ቡናማ የወረቀት ከረጢት መሬት ላይ ይነጠፍና እግሯን ታስቀምጣለች፤ ዙሪያውን በእርሳስ ይሰመራል፤ ያንን ወረቀት ይዞ ሱቅ መሄድ ነው። እግሯን ቤቷ ትታ የእግሯን ስዕል ይዛ የምትሄድ ልጅ! እኔ ይኼን ስሰማ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቄ ጠፋ። የፋሲካ ጫማ ተገዝቶልን ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልን «አልጠበበሽም?» ስንባል የነበረው ደስታ የጫማው ብቻ እንዳልነበረ ለካ አላስተዋልነውም።

አሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ታናሽ እህቷ በፖሊዮ ሞተችባት። በዚያው ዓመት፣ በ1952፣ እሷ የምትማርበት ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረ ጄረማያ ሪቭስ የሚባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነጭ ሴት ደፍረሃል ተብሎ ተያዘ። መርማሪዎቹ እስር ቤት ወስደው የኤሌክትሪክ ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ካላመንክ እንገድልሃለን አሉት። አመነ። ኋላ ቃሉን ቢያነሳም ነጮች ብቻ የተቀመጡበት የዳኝነት ጉባኤ ሞት ፈረደበት፤ በ1958 በዚያው ወንበር ላይ ገደሉት። የጥቁር ሴት ልጅ በነጭ ወንድ ስትደፈር ማንም እንደማይጠየቅ ደግሞ ክላውዴት ከሰፈሯ ታውቃለች። ልጆቹ ሁሉ ስለ ሪቭስ ያወሩ ነበር፤ ገንዘብ ያዋጡ ነበር። እሷም በኋላ ስትናገር ነገሩን ከስሩ ማየት የጀመረችው በዚያን ጊዜ እንደሆነ ነው የምትለው።

ስለ ፀጉሯ ሳልናገር ባልፍ ሴት አንባቢዎቼ አይምሩኝም። በዚያ ዘመን የጥቁር ተማሪ ፀጉር በጋለ ብረት ተተኩሶ ካልተስተካከለ እንደ ፀጉር አይቆጠርም። (እኛስ ብንሆን! የበዓል ዋዜማ ካውያ ከሰል ላይ ሲግል፣ ጆሮዬን ተቃጠልኩ ስንል፣ «ዝም በይ፣ ከርዳዳ ሆነሽ ልትወጪ ነው?» ስንባል ነው ያደግነው። እኛን ያንን ያለን ነጭ አልነበረም።) ክላውዴት ሁለተኛ ደረጃ ስትማር ክፍል ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህሯ ተማሪዎቹ ስለ ራሳቸው እንዲያስቡ ታደርግ ነበር። ጥቁሮች ለምን የገዛ ራሳቸውን ይጠላሉ የሚል ነገር ልጅቷ ላይ ቀረ። አንድ ቀን ፀጉሯን አጥባ፣ እንዲሁ እንደተፈጠረ ሹሩባ ተሠርታ ትምህርት ቤት ከች አለች። አበደች አሏት። የወንድ ጓደኛዋም ተለያት። አስተውሉ፤ እስካሁን አንድ ነጭ እንኳ በዚህ ነገር ውስጥ አልገባም።

አሁን ወደ አውቶብሱ እንግባ። የሞንጎመሪ አውቶብስ 36 መቀመጫ ነበረው። የፊተኞቹ 10 የነጮች ናቸው፤ አንድም ነጭ ባይሳፈር፣ ጥቁሩ እላያቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይቆማል እንጂ አይቀመጥባቸውም። የኋለኞቹ የጥቁሮች። መሀል ላይ ያሉት ሾፌሩ እንዳሰኘው ነው። አንድ ነጭ ሲመጣ አንድ ጥቁር ብቻ የሚነሳ እንዳይመስላችሁ። ጥቁርና ነጭ በአንድ መስመር ጎን ለጎን መቀመጥ ስለሌለባቸው ረድፉ በሙሉ ነው የሚለቀቀው። ሂሳብ የሚከፈለው በፊት በር ነው። ከፍለህ ስታበቃ ውረድና በኋላ በር ግባ ልትባል ትችላለህ። ከፍሎ ወርዶ ወደ ኋላ ሲሮጥ አውቶብሱ አቧራ አልብሶት የሄደ ጥቁር ስንቱ ነው!

ማርች 2 ቀን 1955 ከሰዓት በኋላ ክላውዴት ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥታ፣ ደብተሮቿን አቅፋ ወደ ቤቷ ለመሄድ ተሳፈረች። መሀል ላይ፣ ለጥቁር በተፈቀደው ቦታ፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ከእሷ ጋር በአንድ ረድፍ ሌሎች ሦስት ተማሪዎች ነበሩ። አውቶብሱ ሞላ። አንዲት ነጭ ሴት አጠገባቸው መጥታ ቆመች። ሾፌሩ ተነሱ አለ። ሦስቱ ተነሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሦስቱ ሲነሱ ሦስት ወንበር ተለቀቀ። ሴትየዋ መቀመጥ ትችላለች። ግን አልተቀመጠችም! ክላውዴት በዚያው ረድፍ ተቀምጣ እያለች እሷም ብትቀመጥ እኩል ሆኑ ማለት ነው። ስለዚህ ባዶ ወንበር ፊት ቆማ ጠበቀች። ነገሩ የወንበር ጉዳይ አለመሆኑን ከዚህ በላይ ምን ያሳያል? እኛ ጋ ታክሲ ውስጥ ለአዛውንት መነሳት ወግ ነው፤ የማይነሳ ወጣት ካለ በዓይን ይበላል። ክላውዴትም ይኼን ወግ ታውቀዋለች። ሴትየዋ አሮጊት ብትሆን ኖሮ እነሳላት ነበር ብላለች በኋላ። አሮጊት አልነበረችም። ነጭ ነበረች እንጂ።

አንዲት ነፍሰ ጡር ጥቁር ሴት መጥታ ክላውዴት አጠገብ ተቀመጠች፤ እሷም ተነሺ ስትባል ከፍያለሁ፣ መቆምም አልችልም አለች። ፖሊስ ተጠራ። ከኋላ አንድ ሰው ተነስቶ ለነፍሰ ጡሯ ቦታውን ለቀቀላት። ልጅቷ ብቻ ቀረች። ከፍያለሁ፣ ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ነው እያለች ጮኸች። የፌብሩዋሪን ወር ሙሉ ክፍል ውስጥ ስለ ጥቁሮች ታሪክ፣ ስለ ባርነት፣ ስለ ሕገ መንግሥት ሲማሩ ነበር የከረሙት። ሰዎች ያኔ ለምን አልተነሳሽም እያሉ ሲጠይቋት የምትሰጠው መልስ ይገርመኛል፦ በአንድ ትከሻዋ የሃሪየት ተብማን፣ በሌላው ትከሻዋ የሶጆርነር ትሩዝ እጅ ተጭኖ ያስቀመጣት ይመስላት ነበር። ሁለቱም ከባርነት ወጥተው ሌላውን ነፃ ለማውጣት የታገሉ ሴቶች ናቸው። ሴት መምህሮቿ ያስተማሯት ትምህርት መቼና የት እንደሚሠራ ማን ያውቅ ነበር?

ሁለት ፖሊሶች እጅና እጇን ይዘው ጎተቷት፤ ደብተሮቿ ተበታተኑ። በካቴና አስረው መኪና ውስጥ ከተቷት። መንገድ ላይ ስለ ገላዋ እየቀለዱ የጡት መያዣዋን ቁጥር ይገምቱ ጀመር። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ! እሷ የሚያደርጓትን ስላላወቀች በልቧ አባታችን ሆይን፣ ዳዊትን፣ ትምህርት ቤት በቃሏ ያጠናችውን ግጥም ሁሉ ትደግም ነበር። የወሰዷት ወደ ሕፃናት ማቆያ ሳይሆን ወደ አዋቂዎች እስር ቤት ነው። በሩ ሲቆለፍ የሰማችውን ድምፅ ዕድሜዋን ሙሉ ስታወሳው ኖራለች። እናቷና የቤተ ክርስቲያናቸው ሰባኪ መጥተው አስፈቷት። ያን ሌሊት አባቷ ጠመንጃውን ይዞ ሳይተኛ አደረ።

ሦስት ክስ ተመሠረተባት። ፀጥታ ማወክ፣ የዘር መለያየት ሕጉን መጣስ፣ ፖሊስ መደብደብ። (ቀጭን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሁለት ፖሊስ ደበደበች!) የወጣት ጥፋተኞች ፍርድ ቤቱ በሦስቱም ጥፋተኛ አላት። ጠበቃዋ ፍሬድ ግሬይ ነበር፤ ራሱም ገና የ24 ዓመት ልጅ፣ ከሕግ ትምህርት ቤት ከወጣ ብዙም ያልቆየ። ይግባኝ አሉ። የይግባኙ ዳኛ ምን አደረገ መሰላችሁ? ሁለቱን ክሶች ሰረዘና ፖሊስ መደብደቡን ብቻ አስቀረው። ደግነት ይመስላል አይደል? ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው። የመለያየት ሕጉን ጥሰሻል የሚለው ክስ ከተሰረዘ ሕጉ ራሱ ትክክል አይደለም ብሎ በዚያ መዝገብ መከራከር አይቻልም። ልጅቷ የቀረላት «ፖሊስ ደብዳቢ» የሚል ስምና መቼ እንደሚያበቃ ያልተነገራት አመክሮ ብቻ ነው።

በዚህ መሀል የከተማው የጥቁር መሪዎች ዝም አላሉም። ጆ አን ሮቢንሰን የምትመራው የሴቶች ማኅበር የአውቶብስ አድማ ከዚያም በፊት ሲያስብ የቆየ ነው። ባለሥልጣናቱን ሄዶ ካነጋገረው ኮሚቴ ውስጥ የ26 ዓመቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበረበት። የአንጋፋው ታጋይ ኢ.ዲ. ኒክሰን ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ በዚች ልጅ ማሸነፍ እንችላለን ወይ? መዘኗት። ልጅ ናት። ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች፣ ትቆጣለች። ሰፈሯ የድሃ ሰፈር ነው። መልኳም ጠቆር ያለ ነው፤ ይኼን በወቅቱ ጮክ ብሎ የተናገረ ባይኖርም ክላውዴት ራሷ ግን ከዓመታት በኋላ ደጋግማ ተናግራዋለች። አይሆንም ተባለ።

ያ ውሳኔ ካለፈ በኋላ በዚያው ክረምት በዕድሜ በጣም ከሚበልጣት፣ ባለትዳር ከሆነ ሰው አረገዘች። ብዙ ሰው አሁንም ድረስ «አርግዛ ስለነበር ነው የተተወችው» ይላል። ቅደም ተከተሉ እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ተተወች፤ ከዚያ አረገዘች። በመሀሉ ያለውን ሁሉም ሰው የሚሸሻት፣ ትምህርት ቤት «ያቺ የታሰረችው ልጅ» እየተባለች የሚሳቅባት የብቸኝነት ጊዜ ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። ያ ትልቅ ሰው እስከ ዛሬ ስሙ አይነሳም። እሷ ግን ከትምህርት ቤት ወጣች።

በኦክቶበር 1955 ደግሞ ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝ የምትባል የ18 ዓመት ወጣት እንዲሁ አልነሳም ብላ ታሰረች። እሷም አልተመረጠችም። አባቷ ሰካራም ነው ተባለ፤ ቤተሰቡ ሐሰት ነው ይላል። ዲሴምበር 1 ቀን ሮዛ ፓርክስ ታሰረች። የ42 ዓመት ሴት፣ ባለትዳር፣ ልብስ ሰፊ፣ ረጋ ያለች፣ የጥቁሮች መብት ማኅበር ጸሐፊ። ማንም አንድ ነቁጥ ሊያወጣላት አይችልም። ከተማው በአንድ ድምፅ ተነሳ።

እኔ ኒክሰንን አልኮንነውም። ፊቱ የቆመው መሣሪያ የታጠቀ ፖሊስ፣ ነጭ ዳኛ፣ ነጭ ጋዜጣ፣ ከዚያም ሌሊት የሚመጣው ባለ ጭምብል ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚተኮሰው፤ ከሳተ ያለቀለት ነው። ሮዛም ብትሆን የወጣቶቹን ክፍል የምትመራ፣ ለክላውዴት ክስ ገንዘብ ስታሰባስብ የነበረች፣ ልጅቷንም ቤቷ የምታሳድር ሴት ናት እንጂ የማንንም ቦታ አልነጠቀችም። እሷው ራሷ በኋላ ስትጽፍ ነጭ ጋዜጦች የልጅቷን እርግዝና ቢያውቁ ኖሮ ባለጌ ብለው ትግሉን ይዘባበቱበት እንደነበር ተናግራለች። ይኼ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ከእውነቱ ጀርባ አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። ሕጉ ክላውዴትን ሲጎትታት ጨዋ ናት አይደለችም ብሎ አልጠየቀም። መከራው ለሁሉም እኩል ነው የመጣው። ክብሩ ሲከፋፈል ግን ሚዛን ወጣ።

እዚህ ላይ ነው የእህቴ ልጅ የምትመጣው። ያኔ እሷም አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። እነሱ ጋ ለአንድ ወር ሄጄ ሳለሁ ለክፍል ስለ ክላውዴት ኮልቪን ንግግር ልታቀርብ ታጠና ነበር። ሳሎን ቆማ ለእኔና ለእናቷ አነበበችልን። አውቶብሱን፣ ፖሊሶቹን፣ እስሩን ስትናገር እህቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እርግዝናው ላይ ስትደርስ ግን ብድግ አለች።

«እሱን አውጪው የኔ ማር።»

«ለምን ማሚ?»

«ምን ያደርግልሻል? ጀግንነቷን ተናገሪ ይበቃል። ክፍልሽ ውስጥ ሀበሾች አሉ። ለእናቶቻቸው ይነግራሉ። ስለዚህ ዓይነት ነገር ነው እንዴ የምታወራው ይሉሻል። ሰው ምን ይላል?»

ልጅት ወረቀቷን ዝቅ አደረገችና፣ «ያኔም እኮ እንደዚሁ ነው ያሉት» አለች። ለመመለስም ለመሳደብም አይደለም። ገርሟት ነው።

እህቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ሁለት ሥራ ሠርታ ልጆች የምታሳድግ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የማይቀርባት ሴት ናት። ልጇ በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ በኋላ በር ተሳፈሪ ተብላ አታውቅም። የምትማርበት ክፍል፣ እህቴ የምትሠራበት ሆስፒታል፣ ቤት የተከራየችበት ሰፈር ሁሉ እነ ክላውዴት ባይጮሁ ኖሮ ለጥቁር ቆዳችን ዝግ ነበር። «እኛ ሀበሾች ነን፣ ከእነሱ እንለያለን» የሚል ወገናችን ስንት እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ። የሞንጎመሪ ሾፌር ግን በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲያይ ይኼን ልዩነት የሚያይ አይመስለኝም።

«ሰው ምን ይላል»ን እኔም የማውቀው ከድሮ ነው። ዘጠነኛ ክፍል እያለን ከእኛ ፈጥና የምታሰላ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት እጇን የምታወጣ ልጅ ነበረች። አንድ ሰኞ አልመጣችም። በማግስቱም አልመጣችም። ስትፈለግ አክስቷ ጋ ገጠር ተልካለች ተባለ፤ ሁላችንም ምክንያቱን አወቅን፤ ማንም በስሟ አልጠራትም። «እሷ» ብቻ ሆነች። ያስረገዛት ሰው በየቀኑ በትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያልፍ ነበር። ሰላምታም ይሰጡታል።

ወደ ሞንጎመሪ ልመለስና ልጨርስ፤ የታሪኩ ጣፋጭ ክፍል እዚህ ነው ያለው። አድማው ቀጠለ። ሕዝቡ በእግሩ ሄደ፤ 381 ቀን። የሮዛ ክስ ግን በአላባማ ፍርድ ቤቶች ውስጥ ተጠላልፎ እንደሚቆይ ጠበቃው ፍሬድ ግሬይ አየ። ስለዚህ ሌላ መንገድ መረጠ፤ በፌዴራል ፍርድ ቤት አዲስ ክስ መመሥረት፣ ሕጉ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ። ለዚህ ከሳሽ ያስፈልጋል። ስሙን በአደባባይ አውጥቶ ከተማውን የሚከስ፣ ሥራውን ለመነጠቅ ቤቱም በቦምብ እንዲመታ የተዘጋጀ ሰው። ከሚኒስትሮቹ፣ ማለቴ ከሰባኪዎቹና ከታላላቆቹ ማን መጣ? ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1956 ክሱ ሲገባ ከሳሾቹ ሴቶች ነበሩ። አንዷ ፈርታ ወጣች። የቀሩት አራት ናቸው፦ ኦሬሊያ ብራውደር፣ ሱዚ ማክዶናልድ፣ ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝና ክላውዴት ኮልቪን። አዎ፣ ያቺው ለፎቶ አትመችም የተባለችው። ያን ጊዜ ሆዷ ገፍቷል።

ማርች 29 ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ቀላ ያለ ስለነበር አባቱ ነጭ ነው እያሉ ሰፈሩ ያወራ ጀመር፤ ሌላ ስም ደግሞ ተጨመረላት። ሜይ 11 ቀን አራስነቷን ገና ጨረስኩ ሳትል ሦስት ነጭ ዳኞች ፊት ለመመስከር ቀረበች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የከተማው ጠበቃ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ጥቁሮቹ በኪንግ ተቀስቅሰው ነው እንጂ በደሉ ተሰምቷቸው አይደለም ማሰኘት። መሪያችሁ ማነው እያለ ወጠራት። መሪዎቹ እኛው ራሳችን ነን አለችው። ይኼን የመለሰችው ከመሪዎቹ አንዳቸውም ያልመረጧት ልጅ ናት።

ጁን 5 ቀን ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ አሸነፉ። ከተማው ይግባኝ አለ፤ ኖቬምበር 13 ቀን 1956 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸና። ዲሴምበር 21 ጠዋት ጥቁሮች በፊት በር ገብተው እንዳሻቸው ተቀመጡ። ያ ሁላችንም የምናውቀው የሮዛ ፎቶ የተነሳው ከዚህ ድል በኋላ ነው፤ ከጀርባዋ ያለው ነጭም ተነሺ ያላት ሰው ሳይሆን ጋዜጠኛ ነው። ለፎቶው ሲባል ነው የተቀመጡት። ክላውዴት እዚያ ፎቶ ውስጥ የለችም።

ከዚያ በኋላ ሞንጎመሪ ላይ መኖር አልሆነላትም። ምግብ ቤት ሥራ ትይዛለች፤ ያቺ ልጅ መሆኗ ሲታወቅ ትባረራለች። በ1958 ኒው ዮርክ ገባች። ማንሃታን ውስጥ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት፣ አዛውንት እያገላበጠች፣ እያጠበች፣ ሌሊት ሌሊት 35 ዓመት ሠርታ በ2004 ጡረታ ወጣች። አብረዋት የሚሠሩት እንኳ ማን እንደሆነች አያውቁም ነበር። ማወራት ምን ያደርጋል ብላ ዝም አለች። ፊሊፕ ሁስ የሚባል ጸሐፊ በ2009 የሕይወት ታሪኳን አሳትሞ ትልቁን የአሜሪካ የመጽሐፍ ሽልማት በወጣቶች ዘርፍ ሲያገኝ ነው ብዙ ሰው ስሟን የሰማው።

የአመክሮው ነገርስ? ልክ ነው፣ እሱን ማንም አልዘጋውም። ልጅቷ ስታድግ፣ ስትሰደድ፣ ልጅ ስታሳድግ፣ የልጅ ልጅ ስታይ፣ መዝገቡ እዚያው ሞንጎመሪ ተቀምጧል። ዘመዶቿን ልትጠይቅ በመጣች ቁጥር ቤተሰቡ ፖሊስ ይይዛታል እያለ ይሳቀቅ ነበር። በኦክቶበር 2021፣ በ82 ዓመቷ፣ ፍርድ ቤቱ ድረስ ሄዳ ይደምሰስልኝ ብላ አመለከተች። የልጅ ልጆቿ እንዲያውቁት ፈልጋ እንደሆነ ተናገረች፤ እንግዲህ ከአሁን ወዲያ ወጣት ጥፋተኛ አይደለሁም ብላም ቀለደች። በቀጣዩ ወር የሞንጎመሪ የወጣቶች ጉዳይ ዳኛ ካልቪን ዊሊያምስ መዝገቡ እንዲደመሰስ ፈረሙ። ዳኛው ጥቁር ናቸው። በ1955 ቢሆን ኖሮ እሳቸውም ከፊት ከፍለው በኋላ በር ነበር የሚሳፈሩት።